ስለ መሬት መዝገብና ዐሥር ዓመት ስለ ጠበቀው ሠራተኛ

የሥልጣኔ ዕቃ ወደ አንድ አገር ሲገባ አስቀድሞ ዐይን የሚያርፈው በዕቃው ላይ ነው፤ ጠባቂው ብዙ ጊዜ ሳይታይ ይቀራል። ዛሬም ኮምፒዩተር በየመሥሪያ ቤቱ ሲተከል የኮምፒዩተሩ ብዛትና ዋጋ ይነገራል እንጂ ከፊቱ ዐሥር ዓመት ተቀምጦ የሕዝብን ጉዳይ ሲመዘግብ የኖረው ሰው ምን እንዳየና ምን እንደሚያሳስበው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ በባሕር ዳር ከተማ ተቀምጦ የአማራን ክልል የገጠር መሬት ስለሚያስመዘግበው መሥሪያ ቤትና በዚህ ሥራ ስላደገው ሠራተኛ ጥቂት ለመናገር አሰብን።

ይህ መሥሪያ ቤት በ1992 ዓ.ም. የአካባቢ ጥበቃንና የመሬት አስተዳደርን ሥራ በአንድነት ይዞ በባለሥልጣን ስም ተቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙና አቋሙ ተለዋውጦ ዛሬ የመሬት ቢሮ ይባላል። ሲጀምር መሣሪያው ገመድና ወረቀት ነበረ። ዛሬ ከአየር ላይ የተነሣ ፎቶግራፍና በወረዳ ጽሕፈት ቤት የተተከለ የኮምፒዩተር መዝገብ ነው። በዚህ መካከል፤ በ2007 ዓ.ም. ትምህርቱን ጨርሶ የተቀጠረ አንድ ሠራተኛ በአሳባችን እናቁም። ስሙን የምንጠራው አንድ ሰው አይደለም፤ እንዲህ ያሉት ብዙዎች ናቸውና። ምናልባትም ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ተቋም የወጣ ይሆናል፤ በአገራችን ይህን ትምህርት በዲግሪ ደረጃ ማስተማር የተጀመረው በዚያ ነውና። ይህ ሰው ዛሬ ከዐሥር ዓመት በላይ አገልግሏል። የገባበትና ዛሬ ያለበት መሥሪያ ቤት በስም አንድ ቢሆኑም በአሠራር ሁለት ናቸው።

መሬትን መመዝገብ ለአገራችን አዲስ ነገር አለመሆኑን ከአንባቢዎቻችን መካከል ሊቃውንቱ ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። በብዙ አድባራትና ገዳማት፤ በጣና ደሴቶች ላይ ባሉትም ጭምር፤ ስለ ርስትና ስለ ጉልት የተሰጠው ቃል በወንጌሉ ባዶ ቅጠልና በኅዳጉ ላይ ይጻፍ ነበር። የሰጪው ስም፤ የተቀባዩ ስም፤ የቦታው ስም፤ በዚያ ጊዜ የነበሩት ሹማምንትና ምስክሮች በዝርዝር ይገባሉ፤ በመጨረሻም ቃሉን የሚያፈርስ ሰው እንዲወገዝ ይጻፋል። ይህ ጽሕፈት በወንጌል ላይ የተጻፈበት ምክንያት ለክብር ብቻ አልነበረም። ወንጌል ከሁሉ ይልቅ የሚጠበቅ መጽሐፍ ስለ ሆነ፤ እሳትም ጠላትም ሲመጣ አስቀድሞ የሚወጣው እርሱ ስለ ሆነ ነው። እነዚያ አባቶች መዝገብ በጠባቂው እንደሚኖር ተረድተው ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው ዐዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገው። የቀድሞው የርስት ክርክርም መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ድልድል በተደረገ ጊዜ ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው ተሰጠ፤ ያን ጊዜ የገበሬው ልብ ምን ያህል እንደ ታወከ በዕድሜ የገፋ ሁሉ ያስታውሳል። ነገ ሌላ ድልድል ይመጣ ይሆናል ብሎ የሚጠራጠር ገበሬ እርከን አይሠራም፤ ዛፍም አይተክልም። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያስፈለገው እንግዲህ ይህን ፍርሃት ለማራቅ ነበር።

የመጀመሪያው ምዝገባ በ1995 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት እርዳታ በጥቂት ቀበሌዎች ተሞክሮ ወደ ሌላው ክልል ተስፋፋ። በምሥራቅ ጎጃም አዲስና ጉሊት፤ በደቡብ ወሎ ገራዶ የሙከራው ቀበሌዎች ነበሩ። የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የተለጠፈበት አረንጓዴ ደብተር ለየቤቱ ታደለ። ይህ የሁለት ፎቶግራፍ ነገር ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት ከዳኛ ፊት ቀርባ፤ ‹‹ይኸውና መልኬ በደብተሩ ላይ አለ›› ለማለት የቻለችው በዚህ ነው። ሠራተኛችን ሥራ ሲጀምር የተረከበው የዚያን ዘመን መዝገብ ነው። ጉድለቱም በግልጽ ይታወቅ ነበር። ማሳው ካርታ አልነበረውም፤ ስፋቱ በገመድ ወይም በግምት በቃዳ ተጽፏል፤ ወሰኑም በምሥራቅ እገሌ፤ በምዕራብ እገሌ፤ በሰሜን መንገድ፤ በደቡብ ወንዝ እየተባለ ነው። ጎረቤቱ በሞተ ጊዜ፤ ወንዙም ክረምት በበረታ ጊዜ መንገዱን በለወጠ ጊዜ፤ መዝገቡ የሚናገረው ስለ ሌላ አገር ይሆናል።

ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ የመጣው ይህን ለማቃናት ነው። ከ2006 እስከ 2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ በአማራ፤ በኦሮሚያ፤ በትግራይና በደቡብ የተካሄደው ሥራ 14 ሚሊዮን ማሳ ለመመዝገብ የታለመ ነበረ። የፊንላንድ መንግሥትም በአማራና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በተለየ ፕሮጀክት እርዳታውን ሰጥቷል። አሠራሩን ላላየ ሰው ጥቂት እንግለጽ። ከአውሮፕላን ላይ የተነሣው ፎቶግራፍ ተስተካክሎ በትልቅ ወረቀት ይታተማል፤ መዝጋቢው ይህን ይዞ ከባለ ይዞታውና ከአዋሳኞቹ ጋር፤ ከቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ጋርም ሆኖ ወሰኑን በእግር ይዞራል፤ የተስማሙበትንም መስመር በፎቶግራፉ ላይ ያሠምራል። ለእያንዳንዱ ማሳ ከሌላ ማሳ ጋር የማይደገም ቁጥር ይሰጣል። ከዚህ በኋላ በወረዳ ጽሕፈት ቤት መስመሩም ስሙም ወደ ኮምፒዩተር ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ሥራ መካከል ከሁሉ የሚበልጠው ግን ለሕዝብ ማሳያ የተወሰነው ጊዜ ነው ብንል አናጋንንም። ካርታውና ስሙ በቀበሌው በግልጽ ይሰቀላል፤ ያገሬውም ሰው መጥቶ ያያል። ማንበብ የማይችለው ልጁን ያስነብባል። ስሙ የተሳሳተ፤ ማሳው ወደ ጎረቤት ያለፈበት፤ እኅቱ የተረሳችበት ሁሉ ይናገራል፤ እርሱም ይታረማል። በዚያ ቀን ሠራተኛችን የተማረውን ነገር የትኛውም ኮምፒዩተር አላስተማረውም። አንድ ገበሬ ካርታ አይቶ ባያውቅም በፎቶግራፉ ላይ የራሱን ዋርካ፤ የራሱን በረትና የራሱን ምንጭ ካገኘ ከመሐንዲሱ ይልቅ ፈጥኖ ወሰኑን ያሳያል። ደግሞም ያለ ድምፅ ቆሞ ወደ ኋላ የሚቀር ሰው ብዙ ጊዜ አቤቱታ አለው፤ ይኸውም ወይ መበለት፤ ወይ ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ፤ ወይ ወደ ሌላ አገር ሄዶ የተመለሰ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ለይቶ መጠየቅ በመመሪያ ቢጻፍም በዐይን ካልተለመደ አይሠራም።

የጣና ዳርቻ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተለየ ፈተና አለው። ፎቶግራፍ የዛፍን አናት እንጂ ከሥሩ ያለውን አያሳይም፤ ስለዚህ እንደ ዘጌ ባለ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በሚበቅልበት ስፍራ የአንዱ ጓሮ ከሌላው የት እንደሚለይ ከላይ አይታይም። መዝጋቢው በእግሩ ገብቶ መለካት አለበት። በሜዳውና በሐይቁ ዳር ያለው ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ውኃው በበጋ ሲሸሽ የሚወጣውን መሬት ያገሩ ሰው ባሕር ሸሽ ይለዋል፤ ለም ስለ ሆነ ይታረሳል፤ ውኃው ሲመለስ ግን ወሰኑ ሁሉ ይጠፋል። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ውኃ እጅግ ዝቅ ባለ ጊዜ ብዙ ዳርቻ ታርሶ ነበር። በጨራጨራ የተሠራው መገደቢያ፤ ኋላም በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ኃይል የውኃውን ከፍታና ዝቅታ ከሰው አሠራር ጋር አያያዙት። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የእንቦጭ አረም ዳርቻውን እየወረረ የሐይቁን ጫፍ ከየብሱ ለመለየት አስቸጋሪ አድርጎታል። ታዲያ የማሳው ወሰን በየትኛው ወር ውኃ ነው የሚሠመረው? ፎቶግራፉ የተነሣው በአንድ ቀን ነው፤ ሐይቁ ግን በየወሩ ይለዋወጣል። በዚህ ጉዳይ የዐሥር ዓመት ሠራተኛ ከአዲሱ ሠራተኛ የሚበልጠው በኮምፒዩተር ዕውቀት አይደለም፤ ምናልባት በዚያ አዲሱ ይበልጠው ይሆናል። እርሱ ግን የትኛው ዳርቻ በየትኛው ዓመት በውኃ ተሸፍኖ እንደ ነበረ፤ ስለ እርሱም ማንና ማን እንደ ተካሰሱ ያውቃል።

እንግዲህ ማሳው ሁሉ ተመዝግቦ ደብተሩ ከታደለ ሥራው አልቋል የሚል ብዙ ነው። ለጋሾቹም በቁጥር ሪፖርት ይደሰታሉ፤ ሹማምንቱም እንዲሁ። ዋናው ነገራችን በዚህ ላይ ነው። መዝገብ የተመዘገበ ዕለት እውነት ነው፤ በማግሥቱ ግን እውነትነቱ መቀነስ ይጀምራል። ሰው ይሞታል፤ ልጆች ይካፈላሉ፤ ባልና ሚስት ይፋታሉ፤ አባት ለልጁ በስጦታ ይሰጣል፤ አንዱ ለሌላው ያከራያል። ይህ ሁሉ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት መጥቶ በመዝገቡ ካልገባ ከጥቂት ዘመን በኋላ ኮምፒዩተሩ የሙታንን ስም ጠባቂ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ክርክር ሲነሣ ዳኛው ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ መንግሥት ያተመውን ካርታ አምኖ በማሳው ላይ የሌለውን ሰው ባለ መብት ሊያደርግ፤ ወይም ካርታውን ትቶ እንደ ጥንቱ በምስክር ሊፈርድ። ሁለተኛውን ከመረጠ ያ ሁሉ ገንዘብና ድካም ለምን ሆነ?

ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓት የተባለው የኮምፒዩተር መዝገብ በወረዳዎች የተተከለው ይህን ለውጥ በየዕለቱ እንዲቀበል ነው። መሣሪያው መልካም ነው። ነገር ግን መብራት በጠፋ ጊዜ፤ ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶ ጠጋኙ ከባሕር ዳር እስኪመጣ በሚጠበቅበት ጊዜ፤ ሥራውን የሚያውቀው አንድ ሰው ፈቃድ በወጣ ጊዜ ለውጡ በወረቀት ላይ ተጽፎ ይቆያል። የቆየው ይከማቻል፤ የተከማቸውንም ኋላ የሚያስገባው ሰው ላይገኝ ይችላል። ከደሴት በጀልባ፤ ከዚያም በእግር መጥቶ፤ ‹‹ዛሬ ሲስተም የለም፤ ሌላ ቀን ተመለስ›› የተባለ ገበሬ ሁለተኛ የሚመለስ ይመስላችኋልን? ከወንድሞቹ ጋር በሽማግሌ ተካፍሎ ዝም ይላል። በደንቡ የሚጎድለው በዚህ ሁኔታ ነው እንጂ ገበሬው ሕግን በመናቁ አይደለም። (‹‹ሲስተም የለም›› የሚለውን ቃል የፈጠረው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ እንወድ ነበር፤ ዛሬ ከባንክ እስከ ቀበሌ የማይሰማበት ስፍራ የለምና።)

የመዝገቡ ዋጋ ከፍ ባለ መጠን ደግሞ የስሕተቱ ዋጋ ከፍ ይላል። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፤ በ2014 ዓ.ም. ጸደይ ባንክ ሆኖ የተነሣው፤ የሁለተኛ ደረጃ ደብተር ለያዙ ገበሬዎች በዚያው ደብተር መነሻነት ብድር መስጠት ጀምሮ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ ባለ ይዞታው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያደርግ መንገድ ከፍቷል። ቀድሞ አንድ የስም ስሕተት የሚያመጣው የጎረቤት ጠብ ነበረ፤ አሁን ግን ከባንክ ጋር ክስ ያመጣል። በሚስትና በርስት የመጣ ነገር በአገራችን ወዴት እንደሚያደርስ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ስለ አደጋም እንናገር። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በነበረው ጦርነት በክልሉ ምሥራቅና ሰሜን ብዙ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ሰነድም ጠፍቷል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተነሣው ግጭት ደግሞ በክልሉ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ ወደ ብዙ ገጠርም መንገዱ ተዘግቷል። የአንድ ወረዳ መዝገብ በዚያው ወረዳ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ካለ፤ በአንድ ሌሊት እሳት የዐሥር ዓመት ድካም ይጠፋል። አባቶቻችን በኢማም አሕመድ ጦርነት ጊዜ መጻሕፍቱንና ንዋየ ቅድሳቱን ወደ ጣና ደሴቶች ያሻገሩት ውኃው ከእሳቱ እንደሚከላከል ስላወቁ ነው። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1960ዎቹ ዓ.ም. የእነዚሁኑ ገዳማት መጻሕፍት በፊልም አንሥተው ዝርዝራቸውን ባሳተሙ ጊዜ ሁለተኛ ቅጂ ከሩቅ ስፍራ ተቀመጠ። ለመሬቱም መዝገብ እንዲሁ ነው፤ ቅጂው በየጊዜው ወደ ባሕር ዳር፤ ከዚያም ከባሕር ዳር ውጭ ወደ ሌላ ስፍራ መድረሱን የሚቈጣጠር ሰው በስም ተለይቶ ሊታወቅ ይገባል። ይህ ሥራ አይታይም፤ ሪፖርትም አያሳምርም፤ ስለዚህም በቀላሉ ይረሳል።

አሁን ወደ ሠራተኛው እንመለስ። ከእርሱ ጋር በ2007 ዓ.ም. የተቀጠሩት ጓደኞቹ ወዴት ሄዱ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ከባድ አይደለም። በፕሮጀክት ገንዘብ የተቀጠሩት ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ተበተኑ። ከቀሩት አንዳንዱ ወደ አዲስ አበባ፤ አንዳንዱ ወደ እርዳታ ድርጅት፤ አንዳንዱም ወደ ውጭ አገር ሄደ። እንወቅሳቸው ዘንድ አንደፍርም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የደመወዝ ማስተካከያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሎለታል፤ ይህም በጎ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የካርታና የኮምፒዩተር ዕውቀት ያለው ሰው በግል ሥራ ከዚህ የሚበልጥ እንደሚያገኝ፤ የባሕር ዳር የቤት ኪራይም ደመወዙን ጠብቆ እንደማያድግ ሁሉም ያውቃል። ሰው በሄደ ቁጥር መሥሪያ ቤቱ ወንበሩን ይሞላል፤ ከሰውየው ጋር የሄደውን ዕውቀት ግን አይሞላም።

ይህን በሚመለከት ከሁሉ ይልቅ የምንደነቅበት ነገር የርክክብ ሥርዓታችን ነው። አንድ ሠራተኛ ሲለቅቅ ወንበር፤ ጠረጴዛ፤ ኮምፒዩተርና መደርደሪያ በቁጥር ያስረክባል፤ አንድ ብርጭቆ ቢጐድል ይጠየቃል። በየትኛው ቀበሌ ካርታው ገና እንዳልታረመ፤ የትኛው ማሳ በፍርድ ቤት እግድ እንደ ተያዘ፤ የትኛው ስም በሁለት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ሁለት ሰው መስሎ እንደ ተመዘገበ ግን አይጠየቅም። በነገራችን ላይ ይህ የፊደል ነገር ቀላል አይደለም። ኃይሌ በብዙኃን ኀ ወይም በሀሌታው ሀ ቢጻፍ ለሰው ያው ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ሰው ነው፤ በፍለጋም አንዱን ሲያሳይ ሌላውን ይሰውራል። የድሮ ጸሐፊ መጽሐፉን ሲጨርስ ማን እንዳስጻፈው፤ ማን እንደ ጻፈው፤ በማን ዘመን እንደ ሆነ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ያኖር ነበር፤ ስሕተት ቢገኝም አንባቢ እንዲያርመው ይለምን ነበር። የመሬት መዝገብ ሠራተኛም ሲለቅቅ እንዲህ ያለ አንድ ቅጠል ጽፎ እንዲያኖር ቢታዘዝ ወጪው የአንድ ሳምንት ጊዜ ነው።

ደግሞም ለቆየው ሠራተኛ የሚሰጠው ዕድገት ከሥራው የሚያወጣው ባይሆን መልካም ነበር። እንደ ልማዳችን ሆኖ በመዝገብ የበረታው ሰው ሽልማቱ የክፍል ኃላፊ መሆን ነው፤ ኃላፊ በሆነ ማግሥት ስብሰባ ይውላል እንጂ መዝገብ አይነካም። በቅኔ ቤትና በዜማ ቤት እንዲህ አይደለም፤ መምህሩ በከበረ ቁጥር ወደ ጉባኤው ይቀርባል እንጂ አይርቅም፤ ድጓ ለመመስከር ወደ ቤተልሔም፤ ዝማሬ መዋሥዕት ለመመስከር ወደ ዙር አምባ የሚሄደው ተማሪ የሚፈልገው በዚያ ተቀምጦ የኖረውን ነው። አንድ የወረዳ መዝገብ ጠባቂ በመዝገቡ ላይ እንዳለ ማዕረጉና ደመወዙ የሚያድግበት፤ ጀማሪዎችም ከእርሱ ዘንድ ጥቂት ወራት ተምረው ወደ ሌላ ወረዳ የሚላኩበት ደረጃ ቢበጅ ለሹመት የሚደረገው ሽሚያም ይቀንስ ነበር።

በአንድ ነገር የካህናትን እርዳታ ልንጠይቅ እንወዳለን። በገጠር የሰው ሞት አስቀድሞ የሚሰማው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ግን ወራሾቹ ካልነገሩት ለዓመታት አያውቅም። በአርባው ቀን ቤተ ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ወራሾቹም፤ ሽማግሌዎቹም፤ አዋሳኞቹም በአንድ ስፍራ ይገኛሉ። የንስሐ አባት በዚያ ቀን የሟቹ ደብተር የት እንዳለ ቢጠይቅ፤ ወራሾቹም ደብተሩንና የውርስ ማስረጃቸውን ይዘው አስቀድሞ ወደ ቀበሌው የመሬት ኮሚቴ፤ ከዚያም ወደ ወረዳው እንዲሄዱ ቢያሳስብ፤ ያ ዐሥር ዓመት የተቀመጠው ሠራተኛ የሟቹን ስም አንሥቶ የሕያዋኑን ያስገባል፤ ከወራሾቹም መካከል እኅት የተረሳች እንደ ሆነ በዚያው ይጠይቃል።